ዋስትና የሌለው ፕሮግራም

በባንክ ቤት ሐምሌ የጭንቅ ወር ነው። ሰኔ 30 ላይ የበጀት ዓመቱ ይዘጋል፤ ቀጥሎ ባሉት ሳምንታት እያንዳንዱ ክፍል ቁጥሩን አጠናቅቆ ለፋይናንስ ያስረክባል። እኔ በምሠራበት የብድር ስጋት ክፍል የዓመቱ ትልቁ ሥራ፣ ባንኩ ካበደረው ገንዘብ ውስጥ ሳይመለስ ሊቀር የሚችለውን ገምቶ መጠባበቂያ እንዲያዝለት ማድረግ ነው። ከዓመታት በፊት በአንዱ ሐምሌ፣ ይህን ግምት ባስረከብኩ በሦስተኛው ቀን፣ ከውስጥ ኦዲት ክፍል አንድ አንጋፋ ባለሙያ ወረቀቱን ይዘው ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ መዝገብ በእጅ በሚጻፍበት ዘመን ሥራ የጀመሩ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሰው ነበሩ። በአረንጓዴ እስክሪብቶ ያከበቡትን ቁጥር አሳዩኝና «ልጄ፣ ይህ ከየት መጣ?» አሉኝ።

ቁጥሩ የእኔ ነበር፤ የመጣበትን መንገድ ግን ማሳየት አልቻልኩም። የኤክሴል ፋይሌ 11 ሺቶች ነበሩት፤ አንዱ ከሌላው ይቀዳል፣ ሌላው ደግሞ ከሦስቱ ይደምራል፤ በመካከሉም አንድ ምሽት ደክሞኝ ፎርሙላውን አጥፍቼ ቁጥር በእጄ የጻፍኩባቸው ሴሎች ነበሩ። የፋይሉ ስም እንኳ መጀመሪያ «የመጨረሻ»፣ ቀጥሎ «የመጨረሻ 2»፣ ከዚያም «የመጨረሻ የተስተካከለ» ሆኖ ነበር። ስህተቱን ለማግኘት 2 ቀን ፈጀብኝ። የብድር ቁጥሮቻችን 16 አሃዝ አላቸው፤ ኤክሴል ግን ከአንድ ቁጥር በትክክል የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ሲሆን 16ኛውን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ዜሮ ያደርገዋል። በመጨረሻው አሃዝ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ብድሮች በእኔ ፋይል ውስጥ አንድ ሆነው ቆዩ፤ የመያዣ ዝርዝሩን ከብድሩ ጋር የሚያገናኘው ፎርሙላም የመጀመሪያውን እንዳገኘ ፍለጋውን ያቆማልና፣ የአንዱ ተበዳሪ ቤት ለሌላው ተበዳሪ ብድር መያዣ ሆኖ ተቆጠረ።

ቁጥሩን አርሜ ባስረክብም ጥያቄያቸው ከጆሮዬ አልጠፋም። በእኛ ሙያ ገንዘብ ያለ ሁለት እጅ አይንቀሳቀስም። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ያጸድቃል፤ ቫውቸሩ ይፈረማል፣ ይቆጠራል፣ ይታሰራል፣ ከዓመታት በኋላም ከመዝገብ ቤት ተፈልጎ ሊወጣ ይችላል። በሚሊዮን የሚቆጠር መጠባበቂያ የሚወስነው ስሌት ግን ያለ ፊርማና ያለ ዱካ በአንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ይኖራል፤ አንድ ሴል ቢቀየር ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደቀየረው የሚናገር የለም። ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አለመሆኑን በኋላ ተረዳሁ። የአሜሪካው ጄፒ ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ቢሮው በኩል በገባባቸው የክሬዲት ዴሪቫቲቭ ውሎች (ዋጋቸው በተበዳሪዎች የመክፈል አቅም ላይ የሚመሠረት ውሎች) ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲከስር፣ ባንኩ ራሱ በጃንዋሪ 2013 ያወጣው የምርመራ ሪፖርት እንዳስረዳው፣ አዲሱ የስጋት መለኪያ ሞዴል የሚሠራው መረጃን ከአንዱ የኤክሴል ፋይል ወደ ሌላው በእጅ እየገለበጡ ነበር፤ በአንዱ ስሌት ውስጥም ለሁለት ቁጥሮች አማካይ መካፈል የነበረበት ልዩነት ለድምራቸው ተካፍሎ ተገኘ። የሁለት ቁጥሮች ድምር የአማካያቸው እጥፍ ነውና የገበያው መዋዠቅ ከትክክለኛው አንሶ ታየ። ኪሳራውን ያመጣው ይህ ብቻ አይደለም፤ ሆኖም «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ በጊዜ የጠየቀ ሰው ቢኖር ኖሮ እያልኩ ማሰቤ አልቀረም።

አር (R) የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የማውቀው ከዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከተመረቅሁ በኋላ ግን ረስቼው ነበር። ወደ እሱ የመለሰኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥበብ ሳይሆን ዶላር ነው። ለስታቲስቲክስ ሥራ የሚሆኑ የታወቁ ፕሮግራሞች የሚሸጡት በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ብዙዎቹም በየዓመቱ መታደስ አለባቸው። ለመድኃኒትና ለማሽን መለዋወጫ ምንዛሪ ወረፋ ይጠበቅበት በነበረ አገር፣ ለአንድ የስጋት ክፍል ሶፍትዌር ዶላር ይፈቀድልኝ ብሎ ማመልከት ያሳፍር ነበር። የተለመደው መውጫ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር፣ ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ (ክራክ) ነው፤ ነገር ግን ስለ ሕግ ተገዢነት በየወሩ ሪፖርት የሚጽፍ ተቋም ሪፖርቱን በተሰረቀ ፕሮግራም ሲያዘጋጅ ማየት ደስ አይልም። አር ግን በነፃ የሚወርድ፣ በነፃ የሚባዛ፣ ውስጡም ተከፍቶ የሚነበብ ነው። ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለማስተማሪያ ብለው የጀመሩት፣ ጆን ቼምበርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካው የምርምር ተቋም በቤል ላብስ የፈጠሩትን ኤስ የተባለ ቋንቋ ተከትለው የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በነፃ ፈቃድ የለቀቁት ነው። ዛሬ በዋናው ማከማቻው ውስጥ ከ20,000 በላይ ተጨማሪ ፓኬጆች (ለልዩ ልዩ ሥራ የተዘጋጁ ትንንሽ ፕሮግራሞች) አሉ። ሌላው የታወቀ የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተን ለምን አልሆነም የሚሉኝ አሉ፤ ፓንዳስ የተባለው የፓይተን መሣሪያ ራሱ በአንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት ውስጥ ተወልዶ የወጣ በመሆኑ ለፋይናንስ ሰው ባዕድ አይደለም። እኔ አርን የመረጥኩት ስለማውቀው ነው፤ ሌላ ትልቅ ምክንያት የለኝም።

ፕሮግራሙን በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ለመጫን ፈቃድ ስጠይቅ ግን ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። አር ሲከፈት ገና ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች በአንዱ፣ ይህ ነፃ ሶፍትዌር መሆኑንና ምንም ዓይነት ዋስትና እንደሌለው በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይናገራል። የክፍላችን ኃላፊ ከትከሻዬ በላይ ሆነው ይህን አነበቡና ሳቁ። «ዋስትና የሌለው ብድር አንሰጥም፤ አንቺ ደግሞ ዋስትና በሌለው ፕሮግራም ብድራችንን ልትመዝኚ ነው?» አሉ። ቀልድ ቢሆንም ጥያቄው ፍትሐዊ ነበር። እኔም በገንዘብ የሚገዙትን ፕሮግራሞች ውል አውጥቼ አሳየኋቸው፤ በእነሱም ቢሆን አምራቹ በስሌት ስህተት ለሚደርስ ኪሳራ ኃላፊነቱን እምብዛም አይወስድም፤ ልዩነቱ ይህን የሚናገረው በደቃቅ ፊደል፣ ከብዙ ገጽ በኋላ መሆኑ ነው። ኃላፊው ፈቀዱ፤ ሆኖም አንድ ቅድመ ሁኔታ ጨመሩ፤ ለአንድ ሙሉ ሩብ ዓመት የድሮውም የአዲሱም ስሌት ጎን ለጎን ይሠራል። አሁን ሳስበው ከዚያ የተሻለ ውሳኔ አልነበረም።

ቀሪው የቴክኒክ ጣጣ ነው። የባንኩ ኔትወርክ ከውጭ ፋይል ማውረድን ስለሚከለክል፣ ፓኬጆቹን ቤቴ አውርጄ፣ የደኅንነት ክፍሉ ፍላሹን ፈትሾ ካሳለፈልኝ በኋላ እጭናለሁ። አንዱ ፓኬጅ ሌላ አምስት ይፈልጋል፤ ከአምስቱ አንዱ ሌላ ሦስት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለአንድ የጎደለ ፋይል ሲባል ሙሉ ቀን የሚቃጠልበት ጊዜ ነበረ።

በእርግጥ ያከራከረኝም ያስተማረኝም የቀን ጉዳይ ነው። ብድር ማለት ቀን ማለት ነው፤ ተበዳሪው ስንት ቀን እንደዘገየ ካልታወቀ ብድሩ ጤነኛ ይሁን የተበላሸ መለየት አይቻልም። የእኛ ውሎች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋሉ፤ ዋናው የባንክ ሲስተም የሚሠራው በፈረንጆቹ ነው፤ በመካከላቸው ደግሞ ከየቅርንጫፉ የሚመጡ ዝርዝሮች አሉ። አንድ የቅርንጫፍ ሠራተኛ 30/06/2013 ብሎ ሲጽፍ የካቲት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ማለቱ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2021 ነው። ኮምፒውተሩ ግን ጁን 30 ቀን 2013 ብሎ ያነበዋል፤ ትናንት የደረሰ ብድር በአንድ ጊዜ ከ7 ዓመት ተኩል በላይ የቆየ ውዝፍ ሆኖ ቁጭ ይላል። ይህኛው ስህተት ስለሚጮኽ ደግ ነው። 30/02/2013 ተብሎ የተጻፈው ጥቅምት 30 ግን በፈረንጆቹ ፌብሯሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ በኤክሴል ውስጥ ቀን ሳይሆን ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ ከስሌቱም ድምፅ ሳያሰማ ይወጣል። ከሁሉ የባሰችው ጳጉሜን ናት። 05/13/2013 ተብላ የተጻፈች ጳጉሜን 5 በአሜሪካ አጻጻፍ በተዋቀረ ኮምፒውተር ላይ ሜይ 13 ሆና ያለ ምንም ጥርጣሬ ትነበባለች።

መፍትሔው ቀኑን ወደ ተራ ቁጥር መለወጥ ነው። አር ቀንን የሚያስቀምጠው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ባለፉት ቀናት ብዛት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ያ ዕለት ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነበር። ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ ስሌቱ ከፈረንጆቹ ይልቅ ይቀላል፤ ዓመቱን በ365 አባዝቶ፣ ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ሙሉውን ድርሻ መደመር፣ ወሩን በ30 አባዝቶ መደመር፣ ቀኑን መደመር፣ በመጨረሻም 716,763 መቀነስ ነው። ጳጉሜን 13ኛ ወር ሆና ምንም ልዩ አስተያየት ሳያስፈልጋት ትገባለች። አጭር መስመር ናት፤ ከላይዋ ደግሞ ኮምፒውተሩ የማያነበው፣ ለሰው ብቻ የሚጻፍ ማብራሪያ በአማርኛ ጻፍኩባት።

በሚቀጥለው ሐምሌ ጋሼ አረንጓዴውን እስክሪብቶ ይዘው ሲመጡ የሰጠኋቸው የኤክሴል ፋይል ሳይሆን በወረቀት የታተመ 9 ገጽ ስክሪፕት፣ ማለትም ለአር የጻፍኳቸው ትዕዛዞች ዝርዝር፣ ነበር። ፕሮግራም ጽፈው አያውቁም። ነገር ግን መነጽራቸውን አድርገው የአማርኛውን ማብራሪያ እያነበቡ ከመስመር መስመር ወረዱና የቀኑ ስሌት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ካልኩሌተራቸውን አወጡ። የካቲት 30 ቀን 2013ን በእጃቸው ሠርተው 18,695 አገኙ፤ እኔም በአር ሠራሁት፤ 18,695። ቀና ብለው «ዓመቱን ለ4 ማካፈልሽ መጠነ ራብዒት አይደል እንዴ? ይሄ እኮ ባሕረ ሐሳብ ነው» አሉኝ። ልጅ ሳሉ ቤተ ክህነት ተምረው ኖሯል። ከዚያማ ጥያቄው ዘነበ፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስትሆን ስሌቱ ይይዛታል ወይ? የ2015ቷን ጳጉሜን 6 ሠራን፤ የ2016 መስከረም 1 ከእሷ በአንድ ቀን በልጣ ወጣች። እያንዳንዱን መስመር በአረንጓዴ ምልክት እያደረጉ ሲያልፉ፣ ስሌቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ቫውቸር ተመረመረ።

የቀረው ስክሪፕት ከዚህ ብዙ አይራቀቅም። አይኤፍአርኤስ 9 የሚባለው የሂሳብ አያያዝ ደረጃ የሚጠይቀው፣ በቀላል ቋንቋ፣ ሦስት ነገር ነው፤ ተበዳሪው የማይከፍልበት ዕድል ስንት ነው፣ ባይከፍል መያዣው ተሸጦም ከገንዘቡ ምን ያህሉ ይጠፋል፣ በዚያን ጊዜ የሚቀረው ዕዳ ስንት ይሆናል። ሦስቱ ተባዝተው ወደ ዛሬ ዋጋ ይመለሳሉ። ዕድሉን ለማወቅ ብድሮች ከወር ወር ከጤነኛ ወደ ዘገየ፣ ከዘገየ ወደ ተበላሸ እንዴት እንደሚሸጋገሩ መቁጠር ያስፈልጋል፤ በኤክሴል 3 ቀን ይፈጅብኝ የነበረው ይህ ቆጠራ በአር ጥቂት መስመር ነው፤ ኃላፊው «ግብርናውን ለብቻ አውጥተሽ አሳይኝ» ቢሉኝም አንድ ቃል ጨምሬ ደግሜ ማስኬድ ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ።

ስለ ስሞች አንድ ነገር ላንሳ። የአንድን ተበዳሪ ዕዳዎች ለመደመር ስሙ አንድ መሆን አለበት፤ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ፊደላችንም ለአንድ ድምፅ ብዙ መልክ አለው። ኃይሌ፣ ሀይሌና ሐይሌ ለሰው አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስት። ጸሐይና ፀሀይም እንዲሁ። ስለዚህ ከማመሳከሬ በፊት ሐን፣ ኀንና ኃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ትንሽ ሥርዓት ጻፍኩ፤ የሰዋስው መምህሬ ቢያዩኝ ያዝኑብኝ ነበር። ይህንንም ቢሆን በዊንዶውስ ላይ እንደ ልብ መሥራት የቻልኩት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 የወጣው የአር 4.2.0 እትም ዩኒኮድ የተባለውን የዓለም ፊደላት መመዝገቢያ ሥርዓት በወጉ ከተቀበለ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ሠንጠረዥ ሳሳይ የደንበኞቻችን ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር የተጻፈ የምስጢር መልእክት ይመስል ነበር።

አርን እያሞገስኩ ጉድለቱን ብደብቅ የጋሼን እስክሪብቶ እንዳታለልኩ ይቆጠራል። ጎን ለጎን ባስኬድናቸው ስሌቶች በመጀመሪያው ወር የተሳሳተው የእኔ አዲሱ ነበር። ከአንድ ቅርንጫፍ የመጣ ዝርዝር ውስጥ የወለድ መጣኔው ዓምድ አንድ ቦታ ላይ «የለም» የሚል ቃል ነበረበት፤ በዚያን ጊዜ የነበረው የአር እትም ጽሑፍ ያየበትን ዓምድ በሙሉ ወደ ምድብ ይለውጠው ነበር። እኔ መልሼ ወደ ቁጥር ስለውጠው የሰጠኝ ወለዱን ሳይሆን የምድቡን ተራ ቁጥር ነው፤ የ14 በመቶው ብድር 3 በመቶ፣ የ17 በመቶው 6 በመቶ ሆነ። ምንም ማስጠንቀቂያ አልነበረም። ይህ ልማድ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 4.0.0 እትም ቢቀየርም፣ የኤክሴሉ ስሌት ጎን ለጎን ባይኖር ኖሮ ያ ወር በዝምታ ያልፍ ነበር። የ16 አሃዙን ቁጥርም ቢሆን አርን «ይህ ጽሑፍ ነው፣ ቁጥር አይደለም» ብዬ ካላዘዝኩት እሱም ራሱን ችሎ አያድነኝም። ልዩነቱ ትዕዛዙ ተጽፎ መኖሩ ነው።

ከሁሉ የከበደውን ትምህርት ያገኘሁት ግን ኮዱ ምንም ስህተት ሳይኖርበት ነው። የውጭ ምንዛሪ ይዞታችን በአንድ ቀን ሊደርስበት የሚችለውን ከፍተኛ ኪሳራ እንዳሰላ ታዝዤ ነበር። ለዚህ የተዘጋጁ ፓኬጆች ሞልተዋል፤ የ250 የሥራ ቀናትን ምንዛሪ ሰጠሁትና በሰከንድ ውስጥ በአራት የነጥብ ቤት የተወሰነ፣ እጅግ ትንሽ ቁጥር መለሰልኝ። እንዴት አይመልስ? ብር በየቀኑ በሳንቲም ስባሪ እየተንሸራተተ ነበር፤ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በ15 በመቶ የተዳከመበት ቀን ደግሞ ከ250 ቀናቱ መስኮት ውጭ ነበር። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገና በአንድ ቀን ዶላር ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ዘለለ፤ በጥቂት ሳምንታትም ከ100 ብር አለፈ። የእኔ ሞዴል ይህ ሊሆን አይችልም ብሎ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር ያለው። እነዚህ መሣሪያዎች የተወለዱት ዋጋ በየደቂቃው በሚወዛወዝባቸው ገበያዎች ነው፤ በመንግሥት ውሳኔ ለዓመታት ጸጥ ብሎ በአንድ ጠዋት ለሚነሳ ምንዛሪ ጸጥታውን ደኅንነት አድርገው ይተረጉሙታል።

ምንዛሪው በዘለለበት በዚያው ሳምንት ስክሪፕቱ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ። ታሪኩ የሚሰጠው ግምት ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ምንዛሪው በአንድ ጊዜ በ30 በመቶ ቢናጋ የሚሆነው ጎን ለጎን እንዲሰላ የሚያዝዝ መስመር ነው። ከላዩም ምክንያቱን ከነቀኑ በአማርኛ ጻፍኩ፤ ከማብራሪያው ግርጌ ስሜን አኖርኩ።

ጋሼ ጡረታ ከወጡ ቆዩ። ባለፈው ዓመት ክፍላችን አንድ ወጣት ተቀጠረና ስክሪፕቱን እንዲያነብ ሰጠሁት። በሁለተኛው ቀን መጥቶ «ይቺ 30 በመቶ ከየት መጣች?» አለኝ። ከመስመሩ በላይ ያለውን እንዲያነብ ነገርኩት። አነበበና ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ግን 30 በመቶው የመጀመሪያው ቀን ብቻ አይደለም ወይ? ዶላሩ 100 ብር ካለፈ እኮ ጭማሪው ከ70 በመቶ በላይ ነው» አለ። ካልኩሌተር አወጣን፤ እውነቱን ነበር። መስመሩን አላጠፋነውም፤ ከሥሩ ሁለተኛ ግምት ጨመረበትና ማብራሪያውን በአማርኛ ጽፎ፣ ቀኑንና ስሙን ከእኔ ስም ሥር አሰፈረ።